«አስም ነው» የተባለው ሁሉ አስም ነው? ስለ ሲኦፒዲ ማወቅ ያለባችሁ

ቤታችሁ ውስጥ ጠዋት ጠዋት አክታ እያወጣ የሚያስል፣ ትንሽ ዳገት ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው አለ? ብዙ ጊዜ «ብርድ መቷት ነው»፣ «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጤና ጣቢያ ስትሄድም አንዴ አንቲባዮቲክ፣ አንዴ የአስም መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች። ዛሬ የምናወራችሁ ከዚህ ጀርባ ሊኖር ስለሚችለው ሲኦፒዲ ነው።

ሲኦፒዲ የሳምባ የአየር ቱቦዎች ቀስ በቀስ የሚጠቡበት፣ የአየር ከረጢቶቹም የሚጎዱበት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 (እ.ኤ.አ.) 3.5 ሚሊዮን ሰው ሞቶበታል።

ሲጋራ ዋና ምክንያት ነው። ግን ሲጋራ ነክታ የማታውቅ እናትም ትታመማለች፤ 30 ዓመት ሙሉ ጭስ ቤት እንጀራ ስትጋግር የሳበችው ጭስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ «ያጨሳሉ?» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ እንደኛ እንደኛ ትልቁ ጥያቄ ቀርቷል። «በምንድን ነው የሚያበስሉት?» መባል አለበት። ካልጠየቀ እናንተው ንገሩት። አቧራ ያለበት ሥራ ላይ መቆየትና ከዚህ በፊት ቲቢ መታመምም ይነገራል።

ከአስም በምን ይለያል? አስም ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፣ ይመጣል ይሄዳል፤ በመሃል ሰውዬው ደህና ነው። ሲኦፒዲ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዓመት በኋላ ይታያል፣ በየዓመቱም አቅም ይቀንሳል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገኙም ይችላሉ።

የሚያረጋግጠው ስፓይሮሜትሪ የሚባል ምርመራ ነው። አየር በደንብ ይሳብና መሣሪያው ውስጥ በኃይል እስኪያልቅ ይነፋል። ቱቦ የሚከፍት መድኃኒት ከተወሰደ በኋላም በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ቱቦው ጠቧል ማለት ነው። መሣሪያው ሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም፤ ሪፈር ይጻፍልን በሉ። ራጅ ብቻውን ሲኦፒዲን አያረጋግጥም፣ ሌላ በሽታ ለመለየት ግን ይጠቅማል። ሳል 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ የቲቢ የአክታ ምርመራ አይዘለል።

የተጎዳው ሳምባ እንደ ድሮው አይመለስም። ግን ማጨስ ማቆምና ከጭስ መራቅ በሽታው የሚባባስበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ካልተቻለ የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ፣ እሱም ካልሆነ ቢያንስ በርና መስኮት ከፍቶ ማብሰል።

«ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚባለው ውሸት ነው። ችግሩ አብዛኛው ሰው አጠቃቀሙን አለማወቁ ነው፤ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እዚህ ላይ እናንተ ልጆች ታስፈልጋላችሁ። ፓፉን ነቅንቁ፣ እማዬ መጀመሪያ አየር ታስወጣ፣ ከዚያ እየተጫነች በቀስታ ትሳብ፣ 10 ሰከንድ ያህል ትያዝ። መጫኑና መሳቡ አልገጥም ካላት ንጹሕ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀዳችሁ ፓፉን እዚያ ሰክታችሁ፣ እሷ በጠርሙሱ አፍ በኩል ትሳብ። የሚያምር ባይሆንም ይሠራል።

ሳልቡታሞል ፓፍ በየቀኑ ካስፈለገ ረጅም ሰዓት የሚቆይ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። በየቀኑ አቅም በፈቀደ በእግር መራመድና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት (ከተገኘ) የሕክምናው አካል ናቸው።

ትንፋሹ ከወትሮው ብሶ አክታው ሲበዛና ቀለሙ ሲቀየር ሕመሙ ተነስቷል ማለት ነው። ሐኪም ለ5 ቀን ያህል የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን፣ እንደ አክታው ደግሞ አንቲባዮቲክ ሊያዝ ይችላል። ካለፈው የተረፈ ኪኒን ቤት አስቀምጦ መዋጥ ግን አይሆንም። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ከተደናገረች በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዷት። እዚያም ሲኦፒዲ እንዳለባት ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ለእነዚህ ታማሚዎች ኦክስጅን የሚሰጠው መጠኑ ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን ተደርጎ ነው፣ ከልክ በላይ ሲሆን ይጎዳቸዋል።