የክሬምኒጻ ከተማና የሕዝቧ ታሪክ

ክሬምኒጻ በመካከለኛው ስሎቫኪያ በተራሮች መካከል የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ 5,000 ያህል የሆኑ ትንሽ ከተማ ናት። ስሎቫኮች ክሬምኒጻ፣ ጀርመኖች ክሬምኒትስ፣ ሐንጋሮች ኮርሞትስባኛ ይሏታል። ሦስቱ ስሞች የሦስቱን ሕዝቦች ግንኙነት ይመሰክራሉ፤ ሦስቱንም ወደዚያ የሳበው ወርቅ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሐንጋሪ ንጉሥ ካርል ሮበርት በ1328 ለክሬምኒጻ የነጻ ከተማነት መብት ሰጣት። ከቦሔምያ የብር ከተማ ከኩትና ሖራ የመጡ ባለሙያዎችም ሰፈሩባት፤ የመሐለቅ ማተሚያ ቤትም ተቋቋመላት። ከ1335 ጀምሮ የፍሎሬንስን አርአያ የተከተለ የወርቅ መሐለቅ ታተመባት። የክሬምኒጻ ወርቅ በጥራቱ ስለ ታመነ ስሟ ከተራሮቿ ወዲያ ርቆ ተሰማ።

የከተማይቱ ሥልጣን በአደባባዩ ዙሪያ ቤት በያዙት ባለጸጎች እጅ ነበር፤ እነርሱም አብዛኞቹ ጀርመኖች ሲሆኑ የምክር ቤቱም መዝገብ በቋንቋቸው ይጻፍ ነበር። በምድር ውስጥ ድንጋይ የፈለጡት ሠራተኞች ግን ስማቸው በመሐለቁ ላይ አልተቀረጸም። የማዕድኑን መሣሪያዎች የሚያንቀሳቅሰው ኀይል ውሃ ስለ ነበር፣ ከቱሬትስ ወገን 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የውሃ ቦይ ተሠራ። የከተማይቱ ሀብት ከወርቁ ይልቅ በዚህ ድካም ላይ የቆመ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይህች ከተማ ከኢትዮጵያ የገንዘብ ታሪክ ጋራ በሩቁ ትዛመዳለች። ከ1740 እስከ 1780 በነገሠችው በማርያ ቴሬዛ ስም ታላሪ በክሬምኒጻም ይታተም ነበር፤ በብዙዎቹም ላይ በአንደኛው ገጽ የንግሥቲቱ መልክ፣ በሌላው እመቤታችን ከልጇ ጋራ ይታያሉ። የከተማይቱ ምልክትም «ካ» እና «ቤ» የተባሉት የላቲን ፊደላት ናቸው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ገበያ ለረዥም ዘመን የዞረው የ1780 ዓመት ምልክት ያለበት ታላሪ መጀመሪያ በጉንትስቡርግ፣ ኋላም በብዛት በቪየና የታተመ ነውና፣ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

በ1918 ቼኮስሎቫኪያ ስትመሠረት የመንግሥቱ ባለቤት ተለወጠ፤ ማተሚያ ቤቱም ለአዲሱ መንግሥት መሐለቅ ማተም ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመኖቹ አብዛኞቹ ከአገሩ ተባረሩ፤ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት አባቶቻቸው ባቀኑት ስፍራም የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በ1970 የወርቅ ቁፋሮው ቆመ። ማተሚያ ቤቱ ግን አልተዘጋም፤ ስሎቫኪያ በ2009 ዩሮን ስትቀበል የአገሪቱ ዩሮ መሐለቅ የታተመው በዚያው ነው።

እንግዲህ መሥራቾቹ ሄደዋል፤ ወርቁም መቆፈሩ ቀርቷል፤ የጸናው የእጅ ጥበቡ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ የከተማይቱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከባድ ሸክም አለበት። የስሎቫክ፣ የጀርመንና የሐንጋሪ ጸሓፊ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ የተጻፈውን ብቻ ቢያነብ፣ ከእውነቱ አንድ ክፍል ብቻ ይዞ ይቀራል። የተባረሩት ሰዎች መዝገብ ዛሬ በከተማይቱ ለሚኖሩት ሰዎች ባዕድ ቋንቋ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚኖሩባቸውን ቤቶች ታሪክ የያዘው ያው መዝገብ ነው።