አንበሳውና የላስታ መስቀል

ጥቅምት 1964 ዓ.ም. ኢራን የንጉሣዊ መንግሥቷን 2,500ኛ ዓመት በፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ አጠገብ ስታከብር ከተጋበዙት ነገሥታት አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በጋባዡ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ከጀርባው ፀሐይ የወጣችለት፣ ሰይፍ የጨበጠ አንበሳ ነበር፤ በእንግዳው ላይ ደግሞ ዘውድ የደፋ፣ በትረ መስቀል የያዘ አንበሳ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። የእኛው በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲሻር ወረደ፤ የእነሱንም በ1972 ዓ.ም. የአብዮቱ አርማ ተካው።

አንበሳውን ከላስታ ተራሮች ሆኖ ለሚያየው ግን ታሪኩ ሌላ ነው። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» መነሻው የዮሐንስ ራእይ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ክርስቶስ ነው። የነገሥታት መለያ ያደረገው ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ የሚመዘዘው የዘር ሐረግ ነው። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. የላስታ ነገሥታት የነበሩትን ዛጉዌዎች ጥለው ሲነግሡ ዙፋኑ ለባለቤቱ ተመለሰ ተባለ። ክብረ ነገሥትም በመዝጊያው መጽሐፉ በዛጉዌ ዘመን ሳይተረጎም የቀረበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ እስራኤላዊ ሳይሆኑ የሚነግሡ ሕግ አፍራሾች ናቸው ስለሚል ነው ይላል። በዚህ ሚዛን ቅዱስ ላሊበላን የሚያህል ንጉሥ ከአንበሳው ወገን ውጭ ቀረ! ፍርዱ ከባድ ነው፤ እኔ ፍትሐዊ ነው አልልም። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ፣ በአባታቸው የዛጉዌ ዘር የሆኑት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ፣ የእናታቸውን የሰሎሞን ሐረግ መጥራት አስፈልጓቸዋል።

እንደ ኢራኑ ያለ አንበሳና ፀሐይ የሴልጁክ ሱልጣን በብር ሳንቲም ላይ ያሳተመው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ንጉሥ ላሊበላ ካረፉ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ላስታ ሳንቲም አልመታችም፤ የአክሱም ሳንቲም ከቆመ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። በእኛ ብር ላይ አንበሳ የታየው በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። የላስታ ነገሥታት ምልክታቸውን የተዉት አለት ላይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲያዩት ራሱ መስቀል ነው፤ ጣሪያው ላይም አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሦስት መስቀሎች ተቀርጸዋል።

በእጅ የሚያዘው ምልክት ደግሞ አፍሮ አይገባ የሚባለው የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል ነው። በዳር ዳሩ የተደረደሩት ጉብታዎች ክርስቶስንና አሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ያመለክታሉ ይባላል። ጣሊያን የአዲስ አበባውን የአንበሳ ሐውልት ወደ ሮም እንደጫነው፣ ይህንንም መስቀል በ1989 ዓ.ም. ሌባ ወሰደው። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ፤ መስቀሉ ቤልጅግ ደርሶ በ1993 ዓ.ም. አገሩ ገባ። አንበሳውን ያስመለሰው መንግሥት ነው። መስቀሉ ሲመለስ ግን የላሊበላ ሰው በእልልታ ወጥቶ ተቀበለው፤ ወገቡን፣ ጀርባውን ለታመመውም ካህናቱ ዛሬም በእሱ ያሹታል።