ላይ ጋይንት ማር፣ ታች ጋይንት እጭ

እስቴ ውስጥ ያደግሁበት ቤት ጣራ ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግተው ስድስት ቀፎዎች ተደርድረው ነበር። ከቀርከሃ ተሠርተው በእበትና በአመድ የተለሰኑ ናቸው፤ ርዝመታቸው ሁለት ክንድ ይሆናል። ቆላ የወረዱ ዘመዶቻችን ቀፎ የሚሰቅሉት ዛፍ ላይ ነው። አያቴ ግን "የጉና ብርድ ንብ ይፈጃል" ብለው ከቤት አያርቁትም። ጉናን ላላየ ሰው፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው፤ ውርጩ እኛ ደጅ ወርዶ ያድር ነበር።

መስቀል አልፎ አደይ መርገፍ ሲጀምር አያቴ ማታ ማታ ቀፎዎቹን በጣታቸው ቆርቆር እያደረጉ ያዳምጣሉ። ባዶው እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ የሞላው እንደ ውኃ እንስራ ድፍን ይላል። ከዚያ አንዱን ጨለማ ሌሊት መርጠው ኩበት ያጨሱና ከኋላ በኩል ክዳኑን ይከፍታሉ። ፊት ለፊቱን፣ ንቡ የሚገባበትን፣ አይነኩም። ቢላቸው ነጩን የማር እንጀራ እየቆረጠ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እጭ ያለበት ጠቆር ያለው እንጀራ ሲታይ ይቆማል። "እዚህ ጋ የልጆቹ ቤት ነው" ይሉኛል፤ እኔ ገበቴ ይዤ በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። ከማሩም ሁለት እንጀራ ያህል ለንቡ ይተዋሉ። ይህን ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም።

ከአርባ ዓመት በኋላ በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት ስለ ሳጥን ቀፎ ሳስተምር፣ የማስተምረው አያቴ ቢላቸውን ያቆሙበትን ያንኑ ድንበር እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ንብ ማሯን ከመግቢያዋ አርቃ፣ እጯን አቅርባ ታኖራለች። ረጅሙ ቀፎ ተጋድሞ ስለሚቀመጥ ማሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሳጥኑ ቆሞ ስለሚሠራ ማሩ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ማር፣ ታች እጭ፦ ለስማዳ ገበሬዎች "ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት" ብዬ ነበር የማስረዳው፤ ስቀው ይይዙታል።

ልዩነቱ ቦታ መጨመሩ ላይ ነው። የአያቴ ቀፎ ከተለሰነ በኋላ አንድ ጣት አይረዝምም። በጥሩ ዓመት አደዩ፣ ማገቱ፣ ባቄላው ተደራርቦ ሲያብብ ቀፎው ይጠብና መንጋው ወጥቶ ይሄዳል። እኛ በሥልጠና ይህን ኪሳራ ብለን ጻፍነው። ለአያቴ ግን የሚቀጥለው ዓመት ሀብት ነበር። ባዶ ቀፎ በጥንጁትና በወይራ አጥነው ያዘጋጃሉ፤ መንጋው ሲወጣ ልጆች አፈር እየበተንን ወደ ታች እናስቀምጠዋለን፤ ማታ ወደ አዲሱ ቀፎ ይገባል። ስድስቱ ቀፎዎች ከአንድ ቀፎ የተወለዱ ናቸው ይሉ ነበር። መንጋ እንዳይወጣ አድርጎ ማር ማብዛት የሚባለው ሐሳብ ቢነገራቸው፣ ላሟ እንዳትወልድ አድርጎ ወተት ማብዛት ይመስላቸው ነበር።

ከማሩ በላይ የሚያወሩት ግን ስለ ጉንዶው ነው። ጉንዶ የማር መስፈሪያ ነበር፤ በልጅነታቸው ለባለጉልቱ የሚገባው ማር በእሱ ይሰፈራል። የጉንዶው ልክ እንደ ሰፋሪው ነው። "ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ" የሚለውን ተረት አያቴ የሚጠቅሱት በምሬት ነበር፦ ሰፋሪው አፉ ማር፣ እጁ ግን ሌላ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ግብሩን በገንዘብ ሲያደርገው፣ ማር ከመስፈሪያ ወጥቶ ገበያ ገባ። ገበያው ግን ሩቅ ነበር። በደርግ ዘመን ያለቀው፣ ቻይናዎች የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ ነፋስ መውጫን እስኪያቋርጥ ድረስ ማር በአህያ ነበር የሚጓዘው።

ሰሙ ሌላ መንገድ ነበረው። ጋይንት የቤተልሔም አገር ነው፤ ድጓ ለማስመስከር ተማሪ ከየአገሩ ይጎርፍበታል። የደብሩ ሁሉ ጧፍ የሚጠመዘዘው ከገበሬው ሰም ነው። ጠጁ ተጠምቆ ሰፈፉ ሲቀር፣ እናቴ አቅልጣ፣ አጥልላ፣ በሳህን አርግታ ታስቀምጠዋለች። በማርያም ቀን ለቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ይህን ሰም አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሳጥኑ የመጣው ከሩቅ ነው። አሜሪካዊው ቄስ ላንግስትሮዝ የተነቃይ ፍሬም ቀፎውን በስሙ ያስመዘገበው በ1845 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ጎሹን ጉር አምባ ላይ ያሸነፉበት ዓመት ማለት ነው። ሰውዬው ያስተዋለው ነገር ትንሽ ይመስላል። በሁለት ነገሮች መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲኖር ንብ በሰምም በሙጫም አትደፍነውም፤ መተላለፊያ አድርጋ ትተወዋለች። ፍሬም ሳይጣበቅ የሚነሣው፣ ሳጥን በሳጥን ላይ የሚደረበው በዚህች ክፍተት ነው። እኛ ዘንድ የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል በ1950ዎቹ መጨረሻ ተቋቋመ፤ ዛንደር የሚባለው ሳጥን ቀፎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገር ውስጥ ገባ። እኔ ስማዳ ላይ አንዱን በእጄ የከፈትሁት በ1981 ዓ.ም. ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት አበላሸሁ። የሥልጠናው ወረቀት "የታችኛው ሳጥን ፍሬሞች ሲሞሉ የማር ሳጥን ይደረብ" ይላል። ፍሬሞቹ በነሐሴ የሞሉ ስለመሰሉኝ በጉና ግርጌ ዝናቡ ሳያባራ ደረብሁ። ጥቂት ንብ ትልቅ ቤት ማሞቅ አቃታት፤ እጩ በብርድ ሞተ፤ የላይኛውን ሰም ብል በላው። አንድ ባለ ቀፎ ሽማግሌ መጥተው አዩና "አንተ ልጅ፣ ሰው ሳይበዛ ፎቅ ይሠራል?" አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት ፈርቼ ቆየሁ፤ መስቀል ማግስት ለስብሰባ ወጥቼ በሁለተኛው ሳምንት ስመለስ መንጋው ሄዷል። እንግዲህ ሁለቱንም ስሕተት ሠርቼ ነው ሥራውን የለመድሁት።

በኋላ የያዝሁት ምልክት የፍሬሞቹ አናት ነው። ንቦቹ በፍሬሞቹ አናት ላይ እንደ ወተት የነጣ አዲስ ሰም መለጠፍ ሲጀምሩ አበባው ገብቷል፣ ጉልበቱም አላቸው። ያኔ ንግሥት ማገጃውን ማንጠፍና ሳጥኑን መደረብ ነው፤ ንግሥቷ ወፍራም ስለሆነች ወንፊቱ አያሳልፋትም፤ ላይ እንቁላል አትጥልም። የላይኛው አጋማሹ ሲሞላ ሁለተኛው ሳጥን ይመጣል። እኔ ሁለተኛውን ከሞላው ሥር ነው የማስገባው፤ ንቡ በባዶው ቤት እየተላለፈ ይሠራበታል። ከላይ የሚጭኑም አሉ፤ ክርክር አልገባም። ቀኑ ግን በወረቀት አይያዝም። ስማዳ ከደጋው ተነሥቶ እስከ ዓባይና በሽሎ በረሃ የሚወርድ አገር ነው፤ የደጋው አደይና የቆላው ግራር አንድ ቀን አያብቡም። ማሩ ሲቆረጥም አብዛኛው እንጀራ በሰም የታሸገ መሆን አለበት። ያልታሸገ ማር ውኃ አለበት፤ ይቦካል። የጠጅ ነጋዴ ላይከፋው ይችላል።

ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ባህላዊው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ይሰጣል፤ ሳጥኑ በደህና እጅ 15ና 20 ይደርሳል። ምክንያቱ ያው እንጀራው ነው። ንብ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 ኪሎ ያላነሰ ማር ትበላለች። በሳጥን ቀፎ ማሩ በማሽን ተሽከርክሮ ይወጣና እንጀራው ለንቡ ይመለሳል፤ በአያቴ ቀፎ ግን በየዓመቱ ከዜሮ ትጀምራለች።

እዚህ ላይ ነው ያ ሰም የሚመጣው። በባህላዊ ቀፎ ከሚቆረጠው ከመቶው 8 ወይም 10 እጁ ሰም ነው፤ ከሳጥን ቀፎ 1 ወይም 2 እጅ ብቻ ይገኛል። ማር ስናበዛ ጧፉን ቀነስነው። ዛሬ በብዙ ደብር የሚበራው ጧፍ ፓራፊን ነው፤ ሽታው ለሚያውቅ ሰው ይለያል። ይህን በሪፖርቶቼ ውስጥ አንድም ጊዜ አልጻፍሁትም፤ ቅጹ ላይ የኪሎ ማር ዓምድ እንጂ የጧፍ ዓምድ አልነበረበትም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እስቴ ተመልሼ አራት ሳጥን አቁሜያለሁ። ከጣራው ሥር ደግሞ ሁለት የቀርከሃ ቀፎ አሉ፤ እነሱ ላይ አልደርብም፣ መንጋም ቢወጣ አላዝንም። የሳጥኑን ማር በኪሎ እሸጣለሁ። የሁለቱን ሰም ባለቤቴ አቅልጣ በሳህን ታረጋዋለች፤ ኅዳር ጽዮን ከመድረሱ በፊት ለደብራችን ይሄዳል።