የሰገነቱ ሥዕል



ባለፈው ወር ለትምህርት ቤታችን በካርቶን ከመጡት አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የአሜሪካ ታሪክ መጽሐፍ ይገኛል። በመካከሉ ሙሉ ገጽ የያዘ ሥዕል አለበት። ሥዕሉን ለተማሪዎቻችን ባሳየን ጊዜ አንዲት ልጅ «ዘውዱ የታለ?» ስትል ጠየቀችን። ጥያቄዋን በአንድ ቃል የምንመልሰው መስሎን ነበር፤ ክፍለ ጊዜው አለቀብን። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን እርሱ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕሉ የመዳብ ቅርጽ ነው። ቀራጩ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በሾለ ብረት መስመር በመስመር እየቦረቦረ፣ ያውም ግራውን ቀኝ ቀኙን ግራ አድርጎ፣ ይሠራዋል። ከዚያም ቀለም በቡርቡሩ ውስጥ ይሞላና የሰሌዳው ፊት ይወለወላል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በመጭመቂያ ሲጨመቅ ሥዕሉ በወረቀቱ ላይ ይቀራል። አንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ይሰጣል። ይህችን ጽሑፍ በካርቦን ወረቀት ሦስት ሦስት እያልን የምንገለብጥ እኛ ይህን ስናነብ ቅናት አልተሰማንም ብንል እንዋሻለን።

ቀራጩ አሞስ ዱሊትል (1754-1832) በኮኔቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ የሚኖሩ ብር አንጥረኛ ነበሩ። የቅርጽን ጥበብ የተማሩት በራሳቸው ጥረት ነው። በ1775 ከእንግሊዝ ጋር የመጀመሪያው ውጊያ በተደረገ ጊዜም ስለ ሌክሲንግተንና ስለ ኮንኮርድ አራት ሥዕሎች ቀርጸው አሳትመዋል። እኛ በአገራችን አንጥረኛውን «ቡዳ» እያልን፣ ማረሻውን እየገዛን ማዕዱን ስንሸሽ ኖረናል። የአሜሪካኖቹን ቀን በዘመኑ ቀርጾ ያቆየላቸው ግን የአንጥረኛ እጅ ነው። ፒተር ላኩር የተባሉ ሰው የነደፉትን ዱሊትል ቀረጹት፤ በ1790ም ታተመ።

በሥዕሉ ላይ የሚታየው በኒው ዮርክ ከተማ በዎል ስትሪት የነበረው ፌዴራል ሆል ነው። አሮጌውን የከተማ አዳራሽ ፒየር ላንፋን የተባሉ ፈረንሳዊ ለአዲሱ ምክር ቤት እንዲሆን አድሰውት ነበር። ከላይ ንስር፣ ከንስሩ በታች ዓምዶች፣ በዓምዶቹ መካከል ሰገነት፣ በሰገነቱ ላይ ሰዎች። ቀኑ ኤፕሪል 30 ቀን 1789፣ በእኛ ሚያዝያ 24 ቀን 1781 ዓ.ም. ነው። የ57 ዓመቱ ጆርጅ ዋሽንግተን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ለመሆን ይምላሉ። መሐላውን የሚያስፈጽሙት የኒው ዮርክ ግዛት ከፍተኛ ዳኛ ሮበርት ሊቪንግስተን ናቸው፤ ምክንያቱም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ገና አልተሾሙም ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱ እንኳ በአካባቢው ከነበረ ማኅበር በውሰት የመጣ ነው። ሰውዬው የለበሱት በአገራቸው የተሠራ ቡናማ ልብስ ነበር። ባለ ርስት ቢሆኑም ጥሬ ገንዘብ አጥሯቸው፣ ዕዳቸውን ለማቃለልና ለመንገዳቸው 600 ፓውንድ ተበድረው ነበር የመጡት። ከመሐላው በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ንግግራቸውን ሲያነቡ መንቀጥቀጣቸውን ዊልያም ማክሌይ የተባሉ የሕግ መወሰኛ አባል በማስታወሻቸው ጽፈውታል። ዱሊትል ይህን አልቀረጹም፤ መዳብ መንቀጥቀጥን አይዝም።

እንግዲህ ወደ ዘውዱ። ዘውድ የለም፤ ግን ሳይታሰብበት የቀረ አይደለም። በዚያው ወር የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሰውዬው በምን ማዕርግ ይጠሩ እያለ ይከራከር ነበር። አንድ ኮሚቴ «ልዑልነታቸው» የሚል ቃል የገባበት፣ «የነጻነት ጠባቂ» የሚል የተከተለበት ረጅም ማዕርግ አቀረበ። የሕዝብ እንደራሴዎቹ ምክር ቤት እምቢ አለ። እንዲያው «ፕሬዚዳንት» ተብሎ ቀረ። ማዕርግ ሲደረደር ቆሞ ማዳመጥ ለለመድነው ለእኛ ይህ እምቢታ ከሰገነቱ ሥርዓት ሁሉ ይበልጥብናል።

በዚያ ዘመን በጎንደር የዘመነ መሳፍንት ጊዜ ነው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከ1779 እስከ 1800 ባለው ጊዜ ውስጥ መሳፍንቱ እንደፈቀዱ ስድስት ጊዜ በዙፋን ወጥተው ወርደዋል፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉትም እሳቸው ናቸው። መውጣት በጉልበት፣ መውረድም በጉልበት ነበር። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን፣ ከመግቢያው ቀን ይልቅ የመውጫውን ቀን እዩ አልናቸው። ማርች 4 ቀን 1797 በፊላዴልፊያ ዋሽንግተን ሥልጣኑን ለጆን አዳምስ አስረክበው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ከሁለት ዘመን በላይ እንዳይቆዩ የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ሕጉ የጸናው በ1951 ነው። አዳምስ ለባለቤታቸው በጻፉት ደብዳቤ የተሰናባቹ ፊት ብሩህ እንደነበረ ነግረዋቸዋል።

እዚህ ላይ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣ። «በጦርነቱ ምክንያት የተሰደዱትስ?» አለ። የት እንደሚኖር ያልዘነጋ ልጅ ነው።

ተሰድደዋል። ከእንግሊዝ ጋር ወግነው ከአሜሪካ የወጡት ወደ 60,000 ይገመታሉ። በ1783 በኒው ዮርክ ወደብ ወደ 3,000 የሚጠጉ ጥቁሮች በመዝገብ ተጽፈው በመርከብ ተጭነዋል፤ አብዛኞቹ ከባርነት አምልጠው የእንግሊዝን ነጻነት ያገኙ ናቸው። መዝገቡ ስም፣ ዕድሜ፣ የቀድሞ ጌታና መርከብ ይላል። የራሽን ካርድ የያዘ ሰው እንዲህ ያለውን መዝገብ ያውቀዋል። በዚያ መዝገብ ውስጥ ሃሪ ዋሽንግተን የተባሉ የ43 ዓመት ሰው ይገኛሉ። የቀድሞ ጌታቸው ጄኔራል ዋሽንግተን ናቸው። በጋምቢያ አካባቢ ተወለዱ፤ በ1763 ተሸጡ፤ በማውንት ቨርነን እርሻ ሠሩ፤ በ1776 ግድም አመለጡ። የታሪክ መጻሕፍት ጌታውን «አንቱ» ባርያውን «አንተ» ማለት ይወዳሉ፤ እኛ ሁለቱንም አንቱ ብለናል።

ጌታቸው በሰገነቱ ላይ ስለ ሕገ መንግሥቱ ሲምሉ ሃሪ በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ ስደተኛ ነበሩ። ለጥቁሮቹ ተስፋ የተሰጠው መሬት ለብዙዎቹ ዘገየ፤ የደረሳቸውም ድንጋያማ ነበር። በ1792 ወደ 1,200 ከሚጠጉ ጓደኞቻቸው ጋር በ15 መርከቦች ወደ ሴራሊዮን ተሻገሩ። እዚያም ያሰፈራቸው ኩባንያ የመሬት ግብር ሲጥልባቸው ሰፋሪዎቹ በ1800 አመፁ፤ ሃሪም ተፈርዶባቸው ከፍሪታውን ተባረሩ። ዋሽንግተን ከአንድ ዓመት በፊት በ1799 ሲሞቱ በማውንት ቨርነን 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ የራሳቸው የነበሩትን 123ቱን ባለቤታቸው ሲሞቱ ነጻ እንዲወጡ ተናዝዘዋል።

ይህ ማለት መሐላው ከንቱ ነበር ማለት ነውን? በክፍሉ ውስጥ ሁለት ወገን ሆነን ተከራከርን፤ እስከ ዛሬ አልታረቅንም። እኛ በበኩላችን ዱሊትል ያዩትን በታማኝነት ቀርጸዋል፣ ሰሌዳቸው ግን ጠባብ ነበር እንላለን።

ፌዴራል ሆል በ1812 ፈርሷል። ሥዕሉን ለማየት የሚፈልግ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ይምጣ። ገጾቹ ስለላሉ መጽሐፉን በውሰት አንሰጥም።