ስለ ሄይስና ስለ ቲልደን ሙግት የተጻፈ ዜና

በ1869 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጥቅምት 29 ቀን ማክሰኞ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ቀን 1876፣ የአሜሪካ ሰዎች ፕሬዚዳንት ሊመርጡ ወጡ። አገራቸው ከእንግሊዝ ከተላቀቀች መቶ ዓመት የሞላት በዚያው ዓመት ነበር። በእኛም በኩል አፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር በጉራዕ ድል ካደረጉ ገና ስምንት ወር ነው። ይህን አለቦታው ያነሣሁት አይምሰላችሁ። በጉራዕ ከግብፁ አዛዥ ከራቲብ ፓሻ ጎን የቆመው ጄኔራል ሎሪንግ አሜሪካዊ ነበረ፤ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቦቹ ተዋግቶ ከተሸነፈ በኋላ ለኬዲቭ እስማኤል አደረ። ያ ጦርነት ካበቃ 11 ዓመት ቢሆነውም ረመጡ ግን አልበረደም ነበር።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ የጠቡን ምክንያት እንጽፋለን። ደቡቦቹ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 (ከዚህ በኋላም የምጽፈው ዓመት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው) ከተሸነፉ ወዲህ በሕገ መንግሥቱ ላይ ሦስት ማሻሻያዎች ተጨመሩ። አንደኛው ባርነትን ሻረ፤ ሁለተኛው ጥቁሩን ዜጋ አደረገ፤ ሦስተኛው በቀለሙ ምክንያት ድምፅ እንዳይነፈግ ከለከለ። በሦስቱም መጨረሻ ኮንግረስ ይህን ለማስፈጸም ሥልጣን አለው የሚል ቃል ገባ። የቀደሙት ማሻሻያዎች ማዕከላዊውን መንግሥት እንዲህ አታድርግ የሚሉ ነበሩ፤ እነዚህ ግን አድርግ አሉት። በ1870 የፍትሕ ሚኒስቴር ተቋቋመ። በ1871 ፊታቸውን ሸፍነው ሌሊት ጥቁሮችን በሚገድሉት በኩ ክላክስ ክላኖች ላይ ሕግ ወጣ፤ ፕሬዚዳንት ግራንትም በሳውዝ ካሮላይና በዘጠኝ አውራጃዎች ሰውን ያለ ክስ የማሰር ሥልጣን ለወታደሩ ሰጡ። በጃንዋሪ 1875 ደግሞ የማዕከላዊው መንግሥት ወታደሮች ከሉዊዚያና ምክር ቤት ገብተው፣ የደቡብ ነጮች ወገን የሆነውን የዲሞክራት ፓርቲ አምስት አባላት ከወንበራቸው አስነሥተው አወጡ። ይህን ሲሰማ ሰሜኑም ጮኸ። ዛሬ የምክር ቤታችሁን በር በሳንጃ ቢከፍቱት ነገ የእኛን ማን ይጠብቀዋል አለ።

እኔም እላለሁ፤ ወታደር ምክር ቤት ሲገባ ማየት በየትኛውም አገር አያምርም፣ ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን አብዝተው ይጮኹ የነበሩት ሰዎች እጃቸው ንጹሕ አልነበረም። በዚያችው በሉዊዚያና፣ ኮልፋክስ በምትባል ቦታ፣ በ1873 በፋሲካ ዕለት እጃቸውን የሰጡ ጥቁሮች ሳይቀሩ ተረሽነዋል። ከነፍሰ ገዳዮቹ ጥቂቶቹ ቢፈረድባቸው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 1876 ሁለተኛው ማሻሻያ የሚያስረው ክፍለ ግዛትን ነው እንጂ ግለሰብን አይደለም ብሎ ለቀቃቸው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ማሻሻያዎቹን ባወጡት በሪፐብሊካኖች በኩል የቀረቡት የኦሃዮ አገረ ገዥ ራዘርፎርድ ሄይስ ናቸው፤ በጦርነቱ ደጋግመው የቆሰሉ፣ ጠባያቸው የረጋ ሰው። በዲሞክራቶች በኩል የኒው ዮርኩ አገረ ገዥ ሳሙኤል ቲልደን፤ ሚስት ያላገቡ፣ በጥብቅና የከበሩ፣ የከተማቸውን ሌቦች አስይዘው ስም ያወጡ። በዚያን ዘመን መንግሥት የምርጫ ወረቀት አያትምም፤ ፓርቲው ራሱ አትሞ ለመራጩ ያድላል፣ መራጩም ሰው እያየው ሣጥን ውስጥ ይከታል። ማንበብ ያልተማረው ነፃ የወጣ ጥቁር ወረቀቱን የሚለየው በሥዕሉ ነው። ስለዚህ በደቡብ አንዳንድ ዲሞክራቶች በራሳቸው ዕጩዎች ስም ላይ የሊንከንን መልክ አትመው ሰጡት። ሰውየው ነፃ ያወጣውን ሰው መልክ አይቶ፣ ደስ ብሎት፣ ጠላቱን መረጠ።

ማታ ወሬው ሲደርስ ቲልደን አሸንፈዋል ተባለ፤ ሄይስም ተሸነፍሁ ብለው ተኙ። በኒው ዮርክ የሪፐብሊካኖች ጽሕፈት ቤት ባዶ ቀርቶ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጄኔራል ዳንኤል ሲክልስ ከቲያትር ሲመለሱ ጎራ አሉ። እኒህ ሰው በጌቲስበርግ ጦርነት አንድ እግራቸው ተቆርጦ፣ አጥንቱን ለጦሩ የሕክምና ሙዚየም ሰጥተው፣ በየጊዜው እየሄዱ የሚጎበኙት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ቴሌግራም አገላብጠው ደመሩ። ፍሎሪዳ፣ ሉዊዚያና፣ ሳውዝ ካሮላይናና ኦሪገን ከተያዙ ሄይስ በአንድ ድምፅ ያልፋሉ። ወዲያው ለአራቱም ክፍለ ግዛቶች፣ ተኝቶ በነበረው በፓርቲው ሊቀመንበር ስም፣ ግዛታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ የሚል ቴሌግራም ላኩ።

ከዚህም በኋላ ነገሩ ተበላሸ። በሕዝቡ ድምፅ ቲልደን በሩብ ሚሊዮን ያህል ይበልጣሉ። ሹመቱን የሚሰጡት የየግዛቱ ወኪሎች ግን 369 ናቸው፤ ለማሸነፍ 185 ያስፈልጋል። ቲልደን 184 ይዘዋል፣ ሄይስ 165፤ 20ው ተንጠልጥሏል። በሉዊዚያና ሪፐብሊካኖች የያዙት የቆጠራ ቦርድ በሺዎች የሚቆጠር የዲሞክራት ድምፅ፣ በማስፈራራት የተገኘ ነው ብሎ ጣለ። ማስፈራራቱ እውነት ነበር፤ ቦርዱም ጉቦ ይጠይቅ ነበር። የቲልደን የእኅት ልጅም ወኪሎችን በገንዘብ ለመግዛት በምስጢር ጽሕፈት እንደተላላከ ኋላ በጋዜጣ ወጣ። በሉዊዚያናና በሳውዝ ካሮላይና ሁለት ሁለት አገረ ገዥ ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ ከአራቱም ግዛቶች ወደ ዋሽንግተን ከአንድ በላይ የድምፅ የምስክር ወረቀት ሄደ።

ሕገ መንግሥቱ ፖስታውን የሴኔቱ ሊቀመንበር ይከፍታል፣ ድምፁም ይቆጠራል ይላል። ማን ይቆጥራል? አይልም። ሴኔቱ የሪፐብሊካን፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ የዲሞክራት ነውና፣ ቆጣሪው ማን እንደሆነ ከታወቀ ፕሬዚዳንቱም ታወቀ ማለት ነው። በየከተማው ቲልደን ወይም ደም የሚሉ ተነሡ። በጃንዋሪ 29 ቀን 1877 ግን 15 ሰዎች ያሉበት ኮሚሽን እንዲዳኝ በሕግ ተወሰነ፤ ከሴኔቱ አምስት፣ ከተወካዮቹ አምስት፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አምስት። ሰባቱ ሪፐብሊካን፣ ሰባቱ ዲሞክራት፤ አሥራ አምስተኛው ለማንም የማያደላው ዳኛ ዴቪድ ዴቪስ እንዲሆኑ ታሰበ። የኢሊኖይ ዲሞክራቶች ግን በዚያው ሰሞን እኒህን ዳኛ ለሴኔት መረጧቸው፤ ውለታ የዋሉላቸው መስሏቸው ነበር። ዴቪስ ከኮሚሽኑ ቀሩ፣ በምትካቸው ጆሴፍ ብራድሊ ገቡ፤ ሪፐብሊካን ነበሩ።

በዚያ ችሎት የሆነውን ስጽፍ እስቃለሁ። ዘመናቸውን ሁሉ የክፍለ ግዛት መብት ይከበር፣ ማዕከሉ እጁን ይሰብስብ ሲሉ የኖሩት ዲሞክራቶች፣ የፍሎሪዳን የምስክር ወረቀት አትመኑ፣ ከጀርባው ያለውን ቆጠራ መርምሩ ብለው ለመኑ። ማዕከሉን ያጠነከሩት ሪፐብሊካኖች ደግሞ፣ ኮንግረስ የአንድ ግዛት ባለሥልጣን ያጸደቀውን የመመርመር መብት የለውም ብለው ተሟገቱ። ካባ ተለዋወጡ ማለት ይህ ነው። ኮሚሽኑ ስለ ፍሎሪዳ 8 ለ7 ወሰነ። ስለ ሉዊዚያናም 8 ለ7። ስለ ኦሪገንም፣ ስለ ሳውዝ ካሮላይናም ለሄይስ እንዲሁ።

ዲሞክራቶቹ ክርክሩን እያራዘሙ ቆጠራውን ሊያሰናክሉ ሞከሩ። በፌብሯሪ 26 ግን የሄይስ ወዳጆችና የሉዊዚያና ሰዎች በዋሽንግተን በዎርምሊ ሆቴል ተገናኙ። ቆጠራው እንዲያልቅ ተዉ፤ ሄይስም በሉዊዚያናና በሳውዝ ካሮላይና የሪፐብሊካን ገዥዎቹን የሚጠብቀውን ወታደር ከደጃቸው ያነሣሉ ተባባሉ። ያን ሆቴል አቁሞ ያስተዳድር የነበረው ጄምስ ዎርምሊ ጥቁር ሰው ነበረ። በቤቱ ምን እንደተሸጠ በዚያች ሌሊት አውቆ ይሆን እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ማርች 2 ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ 185 ለ184 ተብሎ ታወጀ። መሐላው የሚፈጸምበት ማርች 4 እሑድ ስለዋለ፣ ሄይስ ቅዳሜ ማታ በዋይት ሐውስ በቀዩ ክፍል በስውር ማሉ፤ ሰኞም በአደባባይ ደገሙት። በኤፕሪል 10 ወታደሮቹ ከሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት፣ በኤፕሪል 24 ከኒው ኦርሊንስ ተነሥተው ወደ ሰፈራቸው ገቡ። የሪፐብሊካን ገዥዎቹም በዚያው ወደቁ።

የማዕከሉ ኃይል ግን አልጠፋም፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። የተወካዮች ምክር ቤት ወታደሩ በደቡብ እንዳይገባ ሲከራከር የጦሩን በጀት ሳያጸድቅ ስለተበተነ፣ ጦሩ ከጁላይ እስከ ኖቬምበር 1877 ያለ ደመወዝ ኖረ። በዚያው በጁላይ የባቡር ሠራተኞች ደመወዛችን ተቀነሰ ብለው በዌስት ቨርጂኒያ በማርቲንስበርግ ሥራ አቆሙ፤ ነገሩም እስከ ፒትስበርግና ቺካጎ ተቀጣጠለ። ሄይስ ያንኑ ደመወዝ ያልተከፈለውን ወታደር ላኩበት። ጥቁሩን መራጭ እንዳይጠብቅ ወደ ሰፈሩ የተመለሰው ጦር ሐዲድ ሊጠብቅ ወጣ፤ ያን ጊዜ ስለ ማዕከሉ ኃይል መብዛት ከደቡብ ይህ ነው የሚባል ጩኸት አልተሰማም። በጁን 1878 ኮንግረስ ሕግ ካልፈቀደ በቀር ጦሩ ለሕግ ማስከበር እንዳይውል ደነገገ።

ኮንግረስ ሁለት የምስክር ወረቀት ቢመጣ ምን ይደረግ የሚለውን የወሰነው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1887 ነው። ቲልደን ቤታቸው ተቀምጠው በ1886 ሞቱ፤ ከሀብታቸውም ከፊሉ ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ሄይስ አስቀድመው ቃል እንደገቡት ከአንድ ዘመን በላይ አልቆዩም። በሉዊዚያና በ1896 በመራጭነት የተመዘገቡት ጥቁሮች 130,334 ነበሩ፤ በ1904 የቀሩት 1,342 ናቸው።