የስንጥቅ አድራሻ፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ንጣፍ ጥበቃ ታሪክ

የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ጥቁር ምንጣፍ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለሚመረምረው ግን በልዩ ልዩ ዘመን የተነጠፈ፣ የተጠገነና የተራዘመ፣ ከሥሩም የተለያየ አፈርና የውሃ መውረጃ ቦይ የያዘ፣ በየጊዜው የተጣጣፈ ሥራ ነው። ስለዚህም ንጣፉ ምን ያህል ተጎድቷል ከሚለው ጥያቄ ጋር፣ የተጎዳው የትኛው ስፍራ ነው የሚለው ምን ጊዜም ተያይዞ ይነሣል። መሐንዲሶች ለመጀመሪያው መልስ ካገኙ በኋላ ሁለተኛው እስኪመለስላቸው ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አልፏል።

እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የንጣፍ ሁኔታ ይወሰን የነበረው በአብዛኛው በተመልካቹ ዐይን ነው። አንዱ መሐንዲስ «ደኅና ነው» ያለውን ሌላው «ፈርሶ ይሠራ» ይል ነበር፤ ገንዘብ የሚመድበውም ባለሥልጣን ከሁለቱ ማንን እንደሚያምን ይቸግረዋል። የአሜሪካ አየር ኀይል በነበሩት በርካታ ሠፈሮች ምክንያት ችግሩ ስለ በዛበት፣ ጥናቱን በኢሊኖይ ለሚገኘው ለጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ጓድ የግንባታ ምርምር ላቦራቶሪ ሰጠ። ሞሐመድ ሻሂንና ባልደረቦቹም በ1970ዎቹ አጋማሽ ከ0 እስከ 100 የሚደርሰውን የንጣፍ ሁኔታ መለኪያ አወጡ።

በዚህ ዘዴ ማኮብኮቢያው በግንባታው ዓይነትና ዘመን በክፍል በክፍል ይለያል፤ ክፍሉም እንደ ናሙና በሚያገለግሉ ቁራጮች ይከፈላል። የአንዱ ቁራጭ ስፋት በአስፋልት ላይ 450 ካሬ ሜትር ያህል፣ በኮንክሪት ላይ 20 ስላብ ያህል ነው። ተቆጣጣሪው በእግሩ እየተዘዋወረ የስንጥቁን፣ የስምጠቱንና የጠጠሩን መፈልፈል ዓይነት፣ ክብደትና መጠን ይመዘግባል፤ ለያንዳንዱም ጉዳት ከ100 ላይ የተወሰነ ነጥብ ይቀነሳል። ልዩ ልዩ ጉዳት በአንድ ቦታ ሲደራረብ ተቀናሹ ተደምሮ ከ100 ሊያልፍ ስለሚችል ማረሚያ ተዘጋጅቶለታል። ይህች ማረሚያ ትንሽ ብትመስልም የዘዴው ብልኀት ያለው በርስዋ ነው፤ ቁጥሩን ልምድ ካላቸው መሐንዲሶች ፍርድ ጋር ያስማማችው እርስዋ ናትና። ዘዴው በ1993 ዲ 5340 በተባለው የአሜሪካ ደረጃ ጸደቀ። ከ1995 ጀምሮም በዚያ አገር የመንግሥት ርዳታ የሚቀበል አውሮፕላን ማረፊያ የንጣፍ ጥበቃ ፕሮግራም እንዲኖረው ግዴታ ሆነ።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ስፍራ አልነበረውም። አንድ ክፍል 70 አገኘ ማለት ጉዳቱ በሞላው ተበትኗል ማለት ሊሆን ይችላል፤ አውሮፕላኖች ዘወትር በሚረግጡት በመካከሉ ብቻ ተከማችቷል ማለትም ሊሆን ይችላል። የሁለቱ መድኃኒት ፈጽሞ ይለያያል። በመካከሉ የተፈለፈለ ጠጠር በጄት ሞተር ሊሳብ ይችላል፤ በጠርዙ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ግን አንድ ክረምት ሊታገሥ ይችል ይሆናል። ስፍራ የሚለካው በተሽከርካሪ መለኪያና በቀለም ምልክት፣ ከማኮብኮቢያው ጫፍ እየተቆጠረ ነበር፤ ማኮብኮቢያው በተራዘመ ጊዜ ጫፉ ራሱ ስለሚለወጥ የቀድሞው መዝገብ ለአንባቢው እንቆቅልሽ ይሆንበታል።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ ሙያ ነው፤ መነሻውም ከምሥራቅ አፍሪካ የራቀ አይደለም። ሮጀር ቶምሊንሰን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ ለደን ተክል የሚስማማ ቦታ በካርታ ሲያጠና፣ ካርታዎቹን በእጅ ማነጻጸሩ ከዐቅም በላይ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ አገኘው። ካርታን በኮምፒዩተር የመደራረብ ሐሳቡ ከዚህ ተወለደ፤ በ1962 በአውሮፕላን ጒዞ ላይ ከካናዳ መንግሥት ባለሥልጣን ከሊ ፕራት ጋር መገናኘቱም ለሥራው በር ከፈተለት። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሳተላይቱን የጋራ መነሻ፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84ን፣ ከጥር 1 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአቪዬሽን ደነገገ። በግንቦት 2000 መባቻ አሜሪካ በሳተላይቱ ምልክት ላይ ሆን ብላ ትጨምረው የነበረውን ስሕተት አነሣች። ከዚያ ወዲህ ስንጥቁ የራሱ አድራሻ ያለው ሆነ፤ ከቦዩ፣ ከአፈሩና ከግንባታው ዘመን ካርታ ጋር ተደራርቦ ለምን በዚያ ስፍራ እንደ ወጣ መጠየቅ ተቻለ።

ለኢትዮጵያ መሐንዲስ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የአገሪቱ ካርታ ለረጅም ዘመን የተመሠረተው በሱዳንና በግብፅ ወሰን አካባቢ ባለው በአዲንዳን መነሻ ላይ ነው፤ እርሱም በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከዐባይ ተፋሰስ ጥናት ጋር የመጣ ነው። በአዲስ አበባ አካባቢ በአዲንዳንና በሳተላይቱ መነሻ መካከል ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት አለ። የተለመደው የትልቅ ማኮብኮቢያ ወርድ 45 ሜትር ነው። በአዲንዳን የተነሣ የቆየ የቦይ ፕላን ሳይታረም በአዲሱ የስንጥቅ ካርታ ላይ ቢደረብ፣ ማኮብኮቢያውን አቋርጦ የሚያልፈው ቦይ ከስንጥቁ ርቆ ይታያል፤ በጎን የሚሄደውም ሣሩ ውስጥ ወይም ሌላ ንጣፍ ሥር ይገኛል። ጄት አውሮፕላን ለመቀበል ልደታ ስላልበቃ በተሠራው በቦሌ ዙሪያ መሬቱ መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር የሚያፈስ ቦይ የቱ እንደ ሆነ ያላወቀ ጠጋኝ፣ ስንጥቁን በሬንጅ ደፍኖ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ክረምት ስንጥቁ በዚያው ስፍራ ይከፈታል።