በኪራይ ቤት ተባይ ሲገኝ ኃላፊነቱ የአከራይ ነው ወይስ የተከራይ?

የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቁጥር በርካታ የገጠር ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ከተማ ይመጣሉ። በአቅራቢያቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሌላቸው አርሶ አደሮች አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ስንቅ አስገብተው ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ። ሳምንታት ሲያልፉ ልጁ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ ይናገራል። ፍራሹ ሲገለበጥ በስፌቱ መስመር ትኋን ተደርድሮ ይገኛል። አከራይዋ «ከገጠር ይዛችሁት መጣችሁ» ይላሉ፤ አባት ደግሞ «ቤቱ ውስጥ የነበረ ነው» ሲሉ ይመልሳሉ።

እንዲህ ያለው ክርክር በትኋን ብቻ አይወሰንም። አይጥ፣ በረሮ፣ ቁንጫ፣ ምስጥና ነቀዝም አከራይንና ተከራይን ያጋጫሉ። መነሻው ሳይጣራ ጥፋተኛ ሲፈለግ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው ዕዳው ባልሠራው ሰው ላይ ይወድቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጠያቂም ተጠያቂም ሲጠፋ አንዱ ወገን በራሱ ፈቃድ አደገኛ መርዝ ገዝቶ ሰው በሚተኛበት ክፍል መጠቀሙ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች አሉት። መሠረተ ሐሳባቸው ግልጽ ነው። አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ማስረከብና በኪራዩ ዘመንም አስፈላጊውን እድሳት እያደረገ በዚያው ሁኔታ ማቆየት አለበት። ተከራይ በበኩሉ ቤቱን በጥንቃቄ የመያዝ፣ በውል ወይም በሕግ በእሱ ላይ የተጣሉትን ጥቃቅን ጥገናዎች የማከናወንና የአከራዩን እጅ የሚሻ ጉድለት ሲያይ ሳይዘገይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል እንዲመዘገብ ያዝዛል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ሁለቱ ወገኖች ቢያንስ ለ2 ዓመት አብረው የሚዘልቁ በመሆናቸው ስለ ቤቱ ንጽሕናና ጥገና አስቀድሞ መስማማት ለሁለቱም ይበጃል።

ትኋንን ወይም አይጥን የተመለከተ ክርክር ሲነሳ መታየት ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ተባዩ የገባውና የተራባው ከቤቱ አሠራር በመጣ ጉድለት ነው ወይስ ከነዋሪው አያያዝ? የመጀመሪያው ከሆነ ወጪው ወደ አከራይ፣ ሁለተኛው ከሆነ ወደ ተከራይ ያደላል። መልሱን ለማግኘት የእያንዳንዱን ተባይ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምስጥ

ምስጥ ከመሬት ሥር ይመጣል፤ የጭቃ መሿለኪያ እየሠራ በግድግዳ ይወጣና የቤቱን ቋሚ፣ ማገርና የበር መቃን ከውስጥ ይበላል። በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ቤቶች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ተከራይ ምስጥን ሊያመጣውም ሊያስቀረውም ስለማይችል ጉዳዩ የቤቱ ባለቤት ነው። የተከራይ ድርሻ በግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር ሲያይ ወይም እንጨት ሲመታ ባዶ ድምፅ ሲሰማ ወዲያውኑ መናገር ነው። አይቶ ዝም ያለ ተከራይ በመዘግየቱ ለተባባሰው ጉዳት ሊጠየቅ ይችላል።

አይጥ

ትንሿ የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት ያህል በሆነ ክፍተት መሹለክ ትችላለች። በበር ሥር ያለ ክፍተት፣ የተሰነጠቀ መሠረት፣ የተቀደደ ኮርኒስና ያልተደፈነ የቧንቧ መግቢያ መንገዶቿ ናቸው። እነዚህን መድፈን የአከራይ ሥራ ነው። አይጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለምትቆረጥምም ጉዳቱ እስከ እሳት አደጋ ሊደርስ ይችላል።

ይሁን እንጂ አይጥ የምትቆየው ምግብ ስታገኝ ነው። ክፍት የተተወ ዱቄት፣ ያልታጠበ ዕቃ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ የእህል ከረጢትና ሳይወገድ የከረመ ቆሻሻ የተከራይ ጉዳዮች ናቸው። ቀዳዳው ተደፍኖ ምግቡ ሜዳ ላይ ከዋለ፣ ወይም ምግቡ ተከድኖ ቀዳዳው ከተተወ፣ ወጥመድ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

በረሮና ቁንጫ

በረሮ እርጥበት፣ ሙቀትና የምግብ ፍርፋሪ ባሉበት ይራባል። የሚያፈስ ቧንቧና ክዳን የሌለው የፍሳሽ መውረጃ የአከራይ ጉድለቶች ሲሆኑ የማዕድ ቤቱ ጽዳት ደግሞ የተከራይ ነው። በቤት ውስጥ የሚራባው ትንሹ ቡናማ በረሮ በአንድ የእንቁላል ከረጢት ከ30 በላይ እንቁላሎች ሊይዝ ስለሚችል ዛሬ ጥቂት የታየው ነገ ቤት ይሞላል።

ቁንጫ ከእንስሳት ጋር ይመጣል። እጩ በወለል አቧራና በስንጥቅ ውስጥ ስለሚያድግ በአፈር ወለል ላይ ይበረታል። በግቢው ውሻ ወይም በግ የሚያረባው አከራዩ ከሆነ እንስሳቱን ማሳከም የእሱ ኃላፊነት ነው፤ ድመት ወይም ውሻ ያስገባው ተከራይ ከሆነ ደግሞ የተከራዩ ይሆናል።

ትኋን

ክርክሩ የሚከረው በትኋን ነው፤ ምክንያቱም ትኋን የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም። ንጹሕ ቤትም ይገባል፤ በፍራሽ፣ በአሮጌ አልጋ፣ በሻንጣና በልብስ ይጓዛል። ሳይመገብ ለወራት መቆየት ስለሚችል ባዶ በከረመ ክፍል ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ አዲስ ተከራይ ይጠብቃል። በሽታ እንደሚያስተላልፍ ባይረጋገጥም እንቅልፍ በመንሳትና ቆዳን በማቁሰል ያሰቃያል።

እዚህ ላይ ጊዜ ዳኛ ይሆናል። ተከራይ በገባ በቀናት ውስጥ በግድግዳና በኮርኒስ ስንጥቅ ብዙ ትኋን፣ ጥቁር ነጠብጣብና የተገፈፈ ቅርፊት ከታየ ትኋኑ ቀድሞ የነበረ መሆኑን ያመለክታል። ከወራት በኋላ በአንድ አልጋ ዙሪያ ብቻ ከታየ ግን በዕቃ የመግባቱ ዕድል ያመዝናል።

ለማጥፋት ስንጥቁን በልስን መድፈን፣ ልብስና አንሶላ በፈላ ውኃ ማጠብና የአልጋውን መገጣጠሚያ በፈላ ውኃ ማራስ ይጠቅማል። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻ ግን አያስተማምንም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይሸሻልና። እንቁላሉ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል አንድ ጊዜ የተሠራው ሥራ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ መደገም አለበት።

በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ ሲኖር

በከተሞች በአንድ ግቢ ውስጥ በተርታ የተሠሩ ክፍሎች ኮርኒስና ግድግዳ ይጋራሉ። በአንዱ ክፍል መርዝ ሲረጭ ተባዩ ወደ ጎረቤት ክፍል ይሸሽና ቆይቶ ይመለሳል። ስለዚህ አንድን ተከራይ ብቻ መውቀስም ማስወጣትም ችግሩን አይፈታም። ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ቀን ማስተባበር የሚችለው አከራዩ ነው። የጋራ ሽንት ቤት፣ የፍሳሽ ቦይና የቆሻሻ ቦታም በተለየ ስምምነት ካልተወሰነ በቀር በእሱ ኃላፊነት ሥር መታየት ይኖርባቸዋል።

የነቀዝ ክኒን መኝታ ክፍል አይገባም

አርሶ አደሮች በጎተራ እህልን ከነቀዝ ለመከላከል የሚጠቀሙበት አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለ ክኒን በአየር ውስጥ ካለ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተሰኘ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል። ይህን ክኒን ለትኋን ወይም ለአይጥ ብሎ በመኖሪያ ክፍል ማስቀመጥ፣ ወይም ክኒን የተጨመረበትን እህል በመኝታ ክፍል ማኖር ሕይወት ያሳጣል። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በኮርኒስ አልፎ ምንም የማያውቀውን ጎረቤት ሊገድል ይችላል። መርዙን የሚያከሽፍ መድኃኒት የለውም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሁሉም ሰው ወዲያውኑ ከክፍሉ ወጥቶ ንጹሕ አየር ማግኘትና ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ወተት መጠጣት አያድንም። በክኒኑ ላይ ውኃ ማፍሰስም ጋዙን ስለሚያፋጥነው መደረግ የለበትም።

ለልጆቻቸው ስንቅ የሚያስገቡ ወላጆች እህሉን አበጥረው፣ በደንብ አድርቀውና አየር በማያስገባ ባለሦስት ንብርብር ከረጢት ወይም ክዳኑ በሚገጥም በርሜል አድርገው ቢልኩ ነቀዝን ያለ መርዝ መከላከል ይችላሉ። ከረጢቱን አይጥ ልትበሳው ስለምትችል ከመሬት ከፍ አድርጎና ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ያሻል። ለሰብል የተዘጋጀ ፈሳሽ ፀረ-ተባይም ለቤት ውስጥ ርጭት አይውልም፤ ለቤት የተፈቀደና መግለጫው በሚነበብ ዕቃ የታሸገ ብቻ መሆን አለበት።

ቁልፍ ከመቀበል በፊት

የአፍ ምስክር በእንዲህ ዓይነት ክርክር ብዙም አያግዝም፤ «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይሆናልና። አከራይና ተከራይ ቁልፍ ከመለዋወጣቸው በፊት ክፍሉን አብረው በባትሪ ቢያዩ፣ የግድግዳ ስንጥቅ፣ የኮርኒስ ቀዳዳና የበር ሥር ክፍተትን በስልክ ፎቶ ቢያነሱና ቀኑን ጽፈው ቢፈራረሙ ይመከራል። ተከራይም ፍራሹንና አልጋውን ወደ ቤት ከማስገባቱ በፊት ውጭ ላይ ቢፈትሽ ራሱን ከወቀሳ ያድናል።

በውሉ ላይ ሦስት ነጥቦችን ማስፈር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። እነዚህም ክፍሉ ከተባይ ነፃ ሆኖ መረከቡ፣ ተባይ ሲታይ በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንደሚገባ፣ እንዲሁም የጥገናውንና የርጭቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ወይም በምን ድርሻ እንደሚካፈሉት ናቸው።

አለመግባባት ሲፈጠር

ተባይ ያገኘ ተከራይ ፎቶ አንስቶ፣ ቀኑን መዝግቦ ለአከራዩ በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ያሳውቅ። አከራይ መልስ ካልሰጠ በራስ ውሳኔ ኪራይ ማቋረጥ ተከራዩን ባለዕዳ ሊያደርገው ይችላል። ተከራዩ ጥገናውን ራሱ አሠርቶ ከኪራይ ለማስቀነስ ከፈለገ አስቀድሞ የአከራዩን የጽሑፍ ስምምነት ይያዝ፤ ደረሰኙንም ያስቀምጥ። አከራይም ተባይን ሰበብ አድርጎ ዕቃ ማውጣት ወይም ውኃና መብራት መቁረጥ አይገባውም።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤቱን አይተው ስለ ንጽሕናና ስለ ተባይ መከላከል ምክር መስጠት ይችላሉ፤ አስተያየታቸውም ለሽምግልና ይረዳል። ሽማግሌ ካልፈታው ጉዳዩ ውሉን ወደ መዘገበው አካል ወይም ሥልጣን ወዳለው ፍርድ ቤት ይሄዳል። የመንግሥት ወይም የቀበሌ ቤት ተከራዮችም ጥያቄያቸውን ቤቱን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስገብተው ቅጂውን መያዝ አለባቸው።

ወደ ተማሪው ክፍል ስንመለስ አከራይዋ የግድግዳውን ስንጥቅ ቢያስለስኑ፣ አባትም የፍራሹንና የአልጋውን ጽዳት ቢሸፍኑ፣ ከ2 ሳምንት በኋላም ሥራውን ቢደግሙት ልጁ ተኝቶ ያድራል፤ ጠዋትም ነቅቶ ይማራል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ በክርክር ከሚባክነው ጊዜና በመርዝ ከሚደርሰው አደጋ ያነሰ ነው።